እሳት የበላው ማግኔት

ሳሊሃ የወፍጮውን ሞተር ማስነሻ ማኒቬላ በሁለት እጇ ጨብጣ ባላት ኃይል ሁሉ አዞረችው። ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ተመልሶ ዝም አለ። ደግማ አዞረችው፤ አሁንም ዝም። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ሲያቃጥላት በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ቀና ብላ በሩ ሥር የተቀመጡትን ሁለት ወንዶች አየች። አንደኛው ሙሐመድኑር ነው፤ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም፣ ወንበር ባየበት ሁሉ የሚቀመጥ ሰው። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ መጣሁ የሚለው መካኒክ ጌዴዎን ነው። ሁለቱም እግራቸውን አነባብረው አንዲት ሴት ከብረት ጋር ስትታገል እንደ ሠርግ ጨዋታ ይመለከታሉ።

"ተይው ሳሊሃ፣" አለ ሙሐመድኑር። "እጅሽን ትሰብሪያለሽ። የዚህ ሞተር ዕድሜው አልቋል።"

"ትናንት ጠዋት አላለቀም ነበር።"

"ማሽን እንደ ሰው ነው፤ ትናንት ነበር፣ ዛሬ የለም፣" አለ ጌዴዎን። ይህን ሲል የሳሊሃን ባል፣ ሟቹን ሀያቱን፣ ያሰበ መስሎ አንገቱን ደፋ። ሰውዬው አዲስ አበባ የተማረው መካኒክነት ሳይሆን ለቅሶ መድረስ ይመስላል።

ውጭ የማንጎው ጥላ ሥር ማሽላና በቆሎ የያዙ ሴቶች ተኮልኩለዋል። ከባሮ ማዶ በታንኳ ተሻግራ የምትመጣው አጁሉ አንገቷን በበሩ አስግጋ፣

"ሳሊሃ! ዛሬም የለም?" አለች።

"አለ። ትንሽ ጠብቂ።"

"ልጆች ትናንት ዓሣ ብቻ በላ።"

"ዛሬ ገንፎ ይበላሉ። ጥላው ሥር ቁጭ በይ።"

ይህን ስትል ገንፎው ከየት እንደሚመጣ አታውቅም ነበር። ግን በእነዚህ ሁለት ሰዎች ፊት "የለም" ከምትል ምላሷ ቢቆረጥ ይሻላታል።

ሀያቱ በሕይወት ሳለ ሁለት ነገር አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ሞተርና ጉራ። መርከቦቹ ከካርቱም ጋምቤላ ይመላለሱ በነበረበት ዘመን አንድ ግሪክ ነጋዴ ይህን ሞተር ጥሎት ሄደ። ሀያቱ ከሣር ውስጥ ጎትቶ አውጥቶ፣ ፈታትቶና ገጣጥሞ አስነሣውና ከድንጋይ ወፍጮ ጋር ቺንጋ በሚሉት ቀበቶ አገናኘው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ይህንኑ ሲያወራ ኖረ። ሳሊሃ ጉራውን ትንቀው ነበር። ሙያውን ግን አልናቀችም፤ አጠገቡ ቆማ መፍቻ ስታቀብል ስለኖረች እጁ የሚሄድበትን ሁሉ ዓይኗ ተከትሎ ተምሯል።

አምና ወባ ሀያቱን ሲወስደው የነጋዴዎቹ ሽማግሌዎች በሼህ ዓሊ መሪነት ተሰበሰቡ። ሙሐመድኑር ጎሬ ላይ ሁለት ሚስቶች አሉት። የወንድሙን ቤትና የወንድሙን ሚስት ለመውረስ የወረደው ገና አርባው ሳይወጣ ነው። ሳሊሃ "አይሆንም" አለች። ሽማግሌዎቹ ወዲህ አሉ፣ ወዲያ አሉ፣ በመጨረሻ ማንንም የማያስከፋ የሚመስል ፍርድ ሰጡ። ወፍጮው ሲፈጭ ድምፁ እስከተሰማ ድረስ የሳሊሃ ነው፤ እሷም በቤቷ ትኑር። ዝም ካለ ግን ሥራው ለሴት የሚሆን አልነበረም ማለት ነው፤ ሙሐመድኑር ይረከበው፣ ሳሊሃም በእሱ ቤት ትጠለል። "ትጠለል" የሚሉት ሦስተኛ ሚስት ሆና ጎሬ ላይ የጣውንቶቿን ልጆች እያጠበች ትኑር ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቃሉ ግን ለሽማግሌ አፍ ይጣፍጣል።

ወፍጮው ዓመቱን ሙሉ ጮኸ። ሙሐመድኑርም ዓመቱን ሙሉ ጆሮውን ተክሎ የሚጠፋበትን ቀን ጠበቀ። ትናንት ጠዋት ሞተሩ መንተባተብ ሲጀምር ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ኦቹዶ አጠፋው። ነገሩ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው ካንዴላ ጥቀርሻ መያዙ ነበር፤ አውጥቶ መጥረግ ብቻ። ግን ሳሊሃ ለቅሶ ለመድረስ ኢታንግ መንገድ ላይ ነበረች። ተመልሳ ስትመጣ ጌዴዎን ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠውን ማግኔቶ ፈትቶ ሆድ ዕቃውን ጨርቅ ላይ ዘርግቶ፣ ሙሐመድኑር አጠገቡ ቆሞ "የአዲስ አበባ ልጅ እኮ ሌላ ነው" እያለ አገኘቻቸው። ማታውን ደግሞ ሙሐመድኑር ጠዋቱን በስልክ ያስጠራው አንድ የጭነት መኪና ከጎሬ ወረደ። ዝናቡ ገብቶ ቁልቁለቱን ሳይዘጋው ሞተሩን ጭኖ ለመመለስ ነው። ሽማግሌዎቹ ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ መጥተው ወፍጮው መጮኹንና አለመጮኹን በጆሯቸው ይሰማሉ።

ሳሊሃ ማኒቬላውን ለቀቀችና ካንዴላውን ፈታች። ከነሽቦው የሞተሩ አካል ላይ አስደግፋ ኦቹዶን "አዙር" አለችው። ኦቹዶ ረጅም፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ይዘምራል፤ በሌላው ቀን ድምፁ የሚሰማው ሲጠየቅ ብቻ ነው። አዞረ። በካንዴላው ጫፍ ላይ ምንም ብልጭታ የለም።

"ማግኔቱን ምን አደረግኸው?" አለች ወደ ጌዴዎን ዞራ።

"ዝገት በልቶት ነበር። ዝገቱን አስወገድኩ።"

"በምን?"

"በሙያዬ ነዋ፣ እመቤት። ቴክኒክ ነው፤ ብነግርሽም አይገባሽም።"

"ኦቹዶ፣ በምን ነው ያስወገደው?"

ኦቹዶ መሬት መሬት እያየ፣ "ኦቻላ ጋ ወሰደ። ቀጥቃጩ። እሳት ውስጥ ከተተ፣ ቀይ ሆነ፣ አመድ ውስጥ ተወ። ማታ መለሰ፣" አለ።

"ይህን ሁሉ ስታይ ለምን ዝም አልክ?"

"ሙሐመድኑር ዝም በል አለኝ።"

ሳሊሃ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ማግኔቶውን ከፈተችው። ውስጡ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ወፍራም ማግኔት አለ። በሁለቱ እግሮቹ መሐል ሽቦ የተጠመጠመበት ሌላ ብረት ይሽከረከራል፤ ከሁለቱ ነው ካንዴላው ላይ የሚዘለው እሳት የሚመጣው። ማግኔቱን ፈልቅቃ አወጣችና ሻሿን የያዘችበትን መርፌ ቁልፍ ነቅላ ጫፉ ላይ አስጠጋችው። ያ ማግኔት በሀያቱ ጊዜ መፍቻ አንጠልጥሎ የሚይዝ ነበር። መርፌ ቁልፉ መሬት ላይ ወደቀ።

አንስታ ሞከረች፤ አሁንም ወደቀ።

"አየሽ፣" አለ ጌዴዎን፣ የራሱን ጥፋት እንደ ማስረጃ እያቀረበ። "ማግኔቱ ሞቷል። ዕቃው ከአስመራ መታዘዝ አለበት። እስከዚያ ዝናቡ ይገባል።"

"እኔ ከመጀመሪያው ብያለሁ፣" አለ ሙሐመድኑር።

ሳሊሃ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው። ሙሐመድኑር ሆን ብሎ በእሳት አስበልቶት ቢሆን እንኳ ቢያንስ ለተንኮሉ ታከብረው ነበር። ግን እሱ ተንኮል ለማሰብ እንኳ ሰነፍ ነው፤ አንድ ደደብ አምጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና ደደቡ ሥራውን ሠራለት። በእንዲህ ያለ ሰው ስትሸነፍ ከመሸነፉ ይልቅ ውርደቱ አንገበገባት። ማግኔቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች።

"የት ነው?" አለ ሙሐመድኑር ከኋላዋ።

"ሬሳውን ልቀብር።"

የጎሬው መኪና ከወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ቆሟል። ሾፌሩ ወልደሥላሴ ከመኪናው ጎን ኩርሲ፣ አጭር መቀመጫ፣ አኑሮ ጀርባውን ጎማ ላይ አስደግፎ ባሮን ያያል። ደረቱን የከፈተ፣ ሪዙን ወደ ላይ የጠመዘዘ፣ ከመኪናው ድምፅ የራሱ ድምፅ የሚበልጥ ሰው ነው። ማታ ከመኪናው እንደወረደ የጋምቤላን ሙቀት፣ የጋምቤላን ትንኝና የጋምቤላን ሰው ባንድ ትንፋሽ ተሳድቦ ሲያበቃ ሁሉም ሰምቶታል። ሳሊሃ ጉረኛ ትጸየፋለች። ግን ከጉረኛ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ኖራለችና በየት በኩል እንደሚከፈት ታውቃለች።

"እንደምን አደሩ፣ አቶ ወልደሥላሴ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ሞተሩን ፈታችሁት? እኔ እኮ ዝናብ አልጠብቅም።"

"አልተፈታም። ስለ ሞተሩ ማግኔት አንድ ነገር ልጠይቅዎት መጥቼ ነበር፤ ግን ጌዴዎን መካኒኩ 'ሾፌር መሪ ከማሽከርከር ሌላ ምን ያውቃል' ብሎኛል።"

ወልደሥላሴ ከኩርሲው ተነሣ። "ማን ነው ያለው? ያ ቱታውን አጥቦ የለበሰው? እኔ አስመራ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ማግኔቶ ስፈታ እሱ ገና እናቱ ሆድ ውስጥ ነበር! አምጪው!"

አወጣችለት። ገልብጦ አየው፣ በጥፍሩ መታው፣ አሸተተው።

"እሳት ነክቶታል።"

"ቀይ እስኪሆን አግሎት አመድ ውስጥ አቀዝቅዞታል።"

"እናንተ ሰዎች!" አለ ወልደሥላሴ ወደ ሰማይ እያየ። "ብረት ሁለት ዓይነት ነው፣ እመቤት። አንዱ ለስላሳ ነው። ማግኔት ሲነካው ማግኔት ይሆናል፤ ሲለዩት ይረሳል። ሌላው አረብ ብረት ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ይሄ የፈረስ ኮቴ አረብ ብረት ነበር። እንደያዘ ቀርቶልሽ ነበር። አሁን እሳት አስረሳው፤ አመዱ ደግሞ አለሰለሰው።"

"እንደ ቢላ፣" አለች ሳሊሃ ሳታስበው።

"ምን?"

"ቢላዬ አንድ ጊዜ ምድጃ ውስጥ ወድቆ እዚያው አደረና ከዚያ ወዲያ ስለት አልይዝ አለኝ። ኦቻላ መልሶ አግሎ ውኃ ውስጥ ሲነክረው ነው የዳነው። ይሄስ እንደዚያ አይድንም?"

ቀድማው መናገሯ ወልደሥላሴን ደስ አላለውም፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። "ይድናል፣" አለ በመጨረሻ። "ግን በውኃ አይሆንም፤ ይሰነጠቃል። በዘይት ነው። የተቃጠለ ዘይት አለኝ። ከዚያ በኋላ የማግኔቱን ጉልበት ባትሪዬ ይመልስለታል። ሞተሩን ሳልጭን ብመለስስ? ባዶ መኪና ዳገቱን ይወዳል፤ ኪራዬን እንደሆነ የሙሐመድኑር ቤተሰብ ጎሬ ላይ ከፍሏል።"

ኦቻላ በገበያው ጫፍ፣ የዓሣ ጦርና መቆፈሪያ የሚቀጠቅጥበት ዳስ ውስጥ ወናፉ አጠገብ ተኝቶ ነበር። ሳሊሃ ከወልደሥላሴ ጋር መጥታ ማግኔቱን ስታሳየው ሳቀ።

"ያ ሰውዬ አቃጥል አለኝ፣ አቃጠልኩ።"

"እንደሚበላሽ አታውቅም ነበር?"

"አውቃለሁ። እሱ ግን ጮኸብኝ። የሚጮህ ሰው ለምን ልንገረው?"

ከተማው ሙሉ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ነው እንዴ? አለች ሳሊሃ በልቧ፤ ሁሉንም አንድ ላይ በአንድ ስድብ ሰድባ ወደ ወናፉ ጠቆመች። ከሰሉ ተቀጣጠለ። የፈረስ ኮቴው ጠቆረ፣ ደም መሰለ፣ ከዚያም እንደ በሰለ በርበሬ ቀላ። ኦቻላ በጉጠት አንሥቶ ወደ ውኃው ገንዳ ሲያዞር ወልደሥላሴ "ዘይት! ዘይት!" እያለ የዘይቱን ቆርቆሮ ገፋለት። "መቆፈሪያ በውኃ ነው፣" አለ ኦቻላ፤ ጉጠቱ በሁለቱ መሐል አየር ላይ ቆመ፣ ብረቱም መደብዘዝ ጀመረ። ውሳኔው የሳሊሃ ሆነ። ሁለቱንም ጉረኞች አየች፤ ሀያቱ ያወረሳት ነገር ሁሉ ጉጠቱ ጫፍ ላይ ነበር።

"ዘይት፣" አለች።

ጭሱ ዳሱን ሞላው፤ ሁሉም ሳሉ። ማግኔቱ ከዘይቱ ሲወጣ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ሆኗል። ወልደሥላሴ ከዳር እስከ ዳር በጣቱ ዳሰሰው። ስንጥቅ የለም። ሞረድ ጫፉ ላይ ሲያስኬድ ሞረዱ ተንሸራተተ። "ጠነከረ፣" አለ፣ ራሱ የወለደው ያህል ኮርቶ።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ መኪናውን አስጠግቶ ባትሪውን አወረደ። ሴቶቹ ጥላውን ትተው ከበቡ። ሙሐመድኑር ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "ምን እያደረጋችሁ ነው? መኪናው የእኔን ዕቃ ሊጭን ነው የመጣው፣" አለ። ወልደሥላሴ ከአሮጌ ዲናሞ የፈታው በሰም ጨርቅ የተሸፈነ የመዳብ ሽቦ አወጣና ከሁሉ በፊት አንድ ሚስማር ላይ ጠመጠመው። ለማስተማር ብሎ አይደለም፤ ተመልካች ሲያይ አያስችለውም።

"እዩ!" አለ። ሽቦውን ባትሪው ላይ ሲያስነካው ሚስማሩ ትናንሽ ብሎኖች አንጠልጥሎ ተነሣ። ሽቦውን ሲያላቅቀው ሁሉም ተንኮታኩተው ወደቁ። ሴቶቹ ሳቁ። "ለስላሳ ብረት ማለት ይሄ ነው። ጌታው እያለ ይሸከማል፤ ጌታው ሲሄድ ይጥላል።"

ሳሊሃ ሳትፈልግ ወደ ወንበሩ አየች። ሀያቱ በሕይወት ሳለ ሙሐመድኑር ከዚህ ቤት አይጠፋም ነበር። ወንድሜ እያለ እጁን ይስማል፣ ከማዕዱ ይበላል፣ "እትዬ" እያለ ይጠራታል። የሀያቱ ትንፋሽ እንደቆመ "እትዬ" ጠፍታ "ሳሊሃ" ሆነች።

"ታዲያ ለስላሳው ምን ይጠቅማል?" አለች ለወልደሥላሴ።

"አለመያዙ ነው ጥቅሙ። ማግኔቶው ውስጥ የሚሽከረከረው እሱ ነው፤ ቶሎ ይዞ ቶሎ ባይለቅ ብልጭታ አይወጣም። አረብ ብረት እዚያ ብታስገቢ እንደያዘ ይቀራል። ሁሉም በየቦታው ነው። አሁን የማግኔቱ መዝጊያ የታለ?"

"መዝጊያ?"

"ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ ጠፍጣፋ ለስላሳ ብረት ነዋ! አፉን ከፍቶ ጉልበት አይቀበልም፤ ቢቀበልም እስክንገጥመው ይደክማል።"

ሳሊሃ አስታወሰች። ሀያቱ ማግኔቱን ባወጣ ቁጥር ከዕቃ ሣጥኑ አንድ አጭር ጠፍጣፋ ብረት አንሥቶ አፉ ላይ ይለጥፍበት ነበር። ሣጥኑን ገለበጠችው፤ የለም። ጌዴዎንን አየችው።

"እሱ ቁራጭ ብረት ነበር፣" አለ ጌዴዎን። "ምንም አይስብም፤ ሞክሬዋለሁ። ከንቱ ነው ብዬ ጣልኩት።"

"የት?"

ጌዴዎን ትከሻውን ነቀነቀ። ከኋላ ግን ኦቹዶ ጉሮሮውን ጠረገና ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠየቅ ተናገረ።

"ወንበር ሥር ነው። እግሩ አጭር ነበር።"

ሁሉም ወደ ሙሐመድኑር ወንበር ዞሩ። እውነትም ከኋለኛው እግር ሥር፣ ወንበሩ እንዳይናጋ፣ ጠፍጣፋው ብረት ተወትፏል። ሰውዬው ከትናንት ጀምሮ የወፍጮውን ነፍስ ረግጦ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም አላወቀም።

"ተነሣ፣" አለች ሳሊሃ።

"በሰላም ጊዜ ሰው ከተቀመጠበት ይነሣል እንዴ? በአክብሮት ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"

አጎንብሳ ብረቱን መዠረጠችው። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲያጋድል ሙሐመድኑር ሁለት እጁን ዘርግቶ በሩን ያዘ። አጁሉ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ሌሎቹ መሸፈንም አላስፈለጋቸውም።

ወልደሥላሴ በሁለቱም የማግኔቱ እግሮች ላይ ሽቦውን ጥቅጥቅ አድርጎ ጠመጠመ። "አቅጣጫው ከተሳሳተ አንዱ እግር የሰጠውን ሌላው ይነጥቀዋል፣" እያለ በጣቱ ዙሩን ተከተለ። መዝጊያውን አፉ ላይ አኖረ፤ ማግኔቱ ገና ምንም ጉልበት ስላልያዘ ዝም ብሎ ተቀመጠበት። ከዚያ ሽቦውን ባትሪው ላይ ጭረት አደረገው። ሰማያዊ እሳት ተንጣጣ፤ ማግኔቱን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ መታ፤ ደገመ፣ ደጋገመ። ሽቦው ሞቀ፣ ሰሙ ሸተተ። ከመስጊዱ አቅጣጫ የአስር አዛን ተሰማ። ሙሐመድኑር ልብሱን አራግፎ፣ "እንግዲህ ሼህ ዓሊ ሶላቱን ሲጨርሱ ይመጣሉ፤ የባትሪ ጨዋታችሁን ቶሎ ጨርሱ፣" አለና ወደ መስጊድ ሄደ።

"እስቲ ነይ፣ አላቅቂው፣" አለ ወልደሥላሴ ሽቦውን ፈትቶ።

ሳሊሃ መዝጊያውን በጣቶቿ ያዘችና ጎተተች። አልመጣም። ጉልበቷን ማግኔቱ ላይ አስደግፋ ደግማ ጎተተች፤ አሁንም እምቢ አለ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል እምቢታ ከሀያቱ ሞት ወዲህ አልገጠማትም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ጌዴዎን እንዳያይባት ፊቷን አዞረች።

"እኔም ያሰብኩት እንዲሁ ነበር፣" አለ ጌዴዎን። "መጀመሪያ ማለስለስ፣ ቀጥሎ ማጠንከር። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ነው ያቋረጣችሁኝ።"

ወልደሥላሴ ሊሰድበው አፉን ሲከፍት ሳሊሃ ቀደመችው። "ተወው። ቱታው ይቆሽሽበታል።" ጌዴዎን የሚያየው ሰው ሲያጣ ዕቃውን በጨርቅ ጠቀለለና በሴቶቹ መሐል ሹልክ ብሎ ወደ ገበያው ወረደ።

ማግኔቱን ከነመዝጊያው ይዘው ገቡ። ሳሊሃ ቦታው ላይ ካደረሰችው በኋላ ብቻ መዝጊያውን ወደ ጎን አንሸራትታ አወጣችና ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የማግኔቶውን ክዳን አሠረች፤ ካንዴላውን በቤንዚን አጥባ መለሰች። ኦቹዶ ማኒቬላውን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ አየችው። ትናንት በአንድ "ዝም በል" የታሠረ እጅ ነው። ልትነጥቀው አሰበች፤ ግን ወደ ጎን ፈቀቅ አለችለት።

"አዙር፣" አለችው።

አዞረ። ሞተሩ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋና እንደገና ሳለ። ከዚያ ተያያዘ። ቺንጋው ተወጠረ፤ ድንጋዩ ከላይ መዞር ጀመረ፤ ግድግዳው፣ ጣራው፣ የማንጎው ቅጠል ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እልልታቸው ግን አፋቸው ላይ ብቻ ታየ፣ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ወልደሥላሴ ደረቱን ነፍቶ ስለ አስመራ ለአጁሉ ያወራል። አጁሉ አንዲት ቃል ሳትሰማው ፈገግ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች።

ሽማግሌዎቹ ከመስጊድ ሲመጡ ድምፁን ከሩቅ ሰምተዋል። ሼህ ዓሊ ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት፣ ሙሐመድኑር ከጎናቸው ገቡ። የሙሐመድኑር ፊት ልጅ ሲያኮርፍ የሚሆነውን ሆኗል። ሼሁ ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው ግን በመጨረሻ ላነጋገራቸው ሰው ነው። መንገዱን ሙሉ ያነጋገራቸው ደግሞ ሙሐመድኑር ነበር። ወደ ሳሊሃ ጠጋ ብለው ጆሮዋ ሥር ጮኹ፦

"ሰምተናል ልጄ! ሰምተናል! ማሻ አላህ! አሁን አጥፊውና ተቀምጠን እንነጋገር!"

"ስለ ምን?" አለች እሷም እየጮኸች።

"ወፍጮው ይጮኻል፣ እሱስ ደግ! ግን ሴት ብቻዋን እስከ መቼ? ሙሐመድኑር ሌላ ሐሳብ አለው! አጥፊውና በሰከነ መንፈስ..."

የቀረውን ሞተሩ ዋጠው። ሳሊሃ ከኋላቸው የቆሙትን አየች። ሙሐመድኑር ወንበሩን ፈልጎ አንሥቶ እንደገና በሩ ሥር አቁሞታል፤ መዝጊያው ስለሌለ እየተናጋ ሊቀመጥበት ይሞክራል። ሌሎቹም ለመቀመጥ ዓይናቸውን ያማትራሉ። ጸጥታው ሲመጣ ወሬው እንደሚጀምር፣ በወሬው ውስጥ እሷ አንድ እነሱ ብዙ እንደሚሆኑ፣ ከዚያ አንድ ለስለስ ያለ የሽማግሌ ቃል ተፈልጎላት ከቤቷ እንደምትወጣ ቁልጭ ብሎ ታያት። የአምናው ፍርድ ደግሞ ስለ ወሬ አይደለም፤ ስለ ድምፅ ነው።

ሼህ ዓሊ መዳፋቸውን ወደ መሬት ጫን ጫን እያደረጉ ለኦቹዶ "አጥፋው" ብለው ጠቆሙት። ሙሐመድኑርም እጁን ወደ ሞተሩ አወናጨፈ። ኦቹዶ እጁን ወደ ቤንዚኑ መዝጊያ ዘረጋ። ግን አልነካውም። ቀና ብሎ ሳሊሃን አያት።

እሷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

የኦቹዶ እጅ ወደ ኪሱ ተመለሰ። ሙሐመድኑር አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። ሳሊሃ መዳፏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እንዳልሰማችው በምልክት አሳየችው። ከዚያ በበሩ ወደ ውጭ አጁሉን በእጇ ጠራቻት፣ በቆሎውን ከነዕቃው ተቀበለቻትና ወደ ወፍጮው አፍ ገለበጠችው።